ቤትን መሸጥ ወይስ መታገስ? ገንዘብ ሲያጥር ከውሳኔ በፊት ሊጤኑ የሚገባቸው ነጥቦች

በደመወዝ ለሚተዳደር የከተማ ነዋሪ የመኖሪያ ቤት በዕድሜ አንዴ የሚገኝ ሀብት ነው። ቤት ያለው የመንግሥት ሠራተኛ በአመዛኙ ቤቱን ያገኘው ለዓመታት ቆጥቦ፣ በቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ወጥቶለት፣ የጎደለውንም ከባንክ ተበድሮ ነው። ይሁን እንጂ ሕመም፣ የልጆች ትምህርት፣ የጡረታ መቃረብ ወይም የተከማቸ ዕዳ ኑሮን ሲያጠብቀው በቤተሰብ ውስጥ «ቤቱ ይሸጥ» የሚል ሐሳብ ይነሳል።

ሐሳቡ በራሱ ስህተት አይደለም። ቤታቸውን በወቅቱና በሥርዓቱ ሸጠው ከዕዳ ወጥተው የተረጋጉ ቤተሰቦች አሉ። በችኮላ ሸጠው ገንዘቡም ቤቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጃቸው የወጣባቸውም አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚመነጨው ከቤቱ ዋጋ ይልቅ ከውሳኔው በፊት ሁለት ጥያቄዎች ተነስተው መልስ ከማግኘታቸው ወይም ካለማግኘታቸው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የገንዘቡ እጥረት ጊዜያዊ ነው ወይስ ዘላቂ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ቤተሰቡ የት ይኖራል የሚል ነው።

የችግሩን ዓይነት መለየት

የገንዘብ እጥረት ሁለት መልክ አለው። አንዱ የተወሰነ መጠንና የተወሰነ ጊዜ ያለው ነው። የቀዶ ሕክምና ወጪ፣ የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ወይም ለሥራ ፍለጋ የሚጠፉ ጥቂት ወራት የዚህ ምሳሌ ናቸው። ሌላው የየወሩ ወጪ ከየወሩ ገቢ በቋሚነት የሚበልጥበት ሁኔታ ነው። ከቤተሰቡ ሁለት ደመወዝተኞች አንዱ በሞት ሲለይ ወይም ጡረታ ሲወጣ የሚፈጠረው ጉድለት በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው።

ጡረታ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ ሠራተኛው ሲያገኝ ከነበረው ደመወዝ ያንሳል። ዕድሜው 57 ወይም 58 የደረሰ ሠራተኛ በዛሬው ደመወዙ ብቻ አስልቶ «እንደምንም እወጣዋለሁ» ቢል ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚጠብቀውን ጉድለት አላየም ማለት ነው።

ጊዜያዊውን እጥረት ቤት በመሸጥ ለመፍታት መሞከር ለአጭር ችግር ዘላቂ ሀብትን መስጠት ይሆናል። በአንጻሩ ዘላቂውን ጉድለት ከዚህም ከዚያም በመበደር ለመሸፈን መሞከር ዕዳውን ከማብዛት አያልፍም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ቢያንስ የስድስት ወር ገቢና ወጪን በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ዕዳዎች ሁሉ፣ ከዘመድ በቃል የተወሰደው ጭምር፣ በመጠናቸውና በመክፈያ ጊዜያቸው መመዝገብ አለባቸው። አንዱ ከሌላው የደበቀው ዕዳ ካለ የሚወጣበት ጊዜም ይህ ነው። ተደብቆ የቆየ ዕዳ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ብቅ ቢል ሽያጩን ከንቱ ያደርገዋልና።

ከተሸጠ በኋላ የት ይኖራል?

ሁለተኛውን ጥያቄ በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ወርሃዊ ገቢው 20 ሺህ ብር፣ ወጪው 26 ሺህ ብር የሆነ ቤተሰብ 300 ሺህ ብር ዕዳ አለበት እንበል። ቤቱ በ6 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ ዕዳው ተከፍሎ 5 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ይተርፋል። ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢያስገኝ 399 ሺህ ብር ይሆናል። ቤተሰቡ በፊት ከነበረው ጋር የሚመሳሰል ቤት በወር 35 ሺህ ብር ቢከራይ ግን በዓመት 420 ሺህ ብር ይከፍላል። ወለዱ በመጀመሪያው ዓመት እንኳን ኪራዩን አይሸፍንም። በዚህ ላይ በየወሩ የነበረው የ6 ሺህ ብር ጉድለት እንዳለ ይቆያል። በመሆኑም ቤተሰቡ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከዋናው ገንዘብ ላይ ወደ 93 ሺህ ብር ይነሳል፤ ኪራይ በየዓመቱ ሲጨምር የሚነሳውም ይጨምራል።

ከዚህም በላይ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ የመግዛት አቅሙን ይዞ አይቆይም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንኮች ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል። ከዚያ በፊት ቤቱን ሸጦ ብሩን ይዞ የቆየ ሰው ያንኑ ቤት መልሶ ልግዛ ቢል በእጁ ያለው አይበቃውም። ቤት የያዘ ሰው ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም የሚያድርበት ጣሪያ አለው።

እርግጥ ነው፣ ተከራይ ከቀድሞው የተሻለ የሕግ ከለላ አግኝቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ድንገተኛ ጭማሪንና ከቤት መባረርን የሚገታ ቢሆንም የሰው ቤት የራስ ቤት አይሆንም።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባ ነጥብ አለ። በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ምዝገባ ተመዝጋቢው በስሙም ሆነ በትዳር ጓደኛው ስም ቤት ወይም የቤት መሥሪያ ቦታ የሌለው፣ ኖሮትም በሽያጭ ወይም በስጦታ ያላስተላለፈ እንዲሆን በመሥፈርትነት ተቀምጦ ነበር። ቤቱን የሸጠ ሰው «መንግሥት ሲሠራ እንደገና እመዘገባለሁ» ብሎ ተስፋ ማድረጉ እንደማያስተማምነው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከሽያጭ በፊት መታየት ያለባቸው አማራጮች

ቤት ሳይሸጥም ገንዘብ ሊያስገኝ ይችላል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ቤተሰቡ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎችን በድምሩ በ8 ሺህ ብር ቢያከራይ የ6 ሺህ ብሩ ጉድለት ተሸፍኖ በወር 2 ሺህ ብር ለዕዳው መክፈያ ይተርፋል። ሙሉ ቤቱን አከራይቶ ለጊዜው አነስተኛ ቤት መከራየትም በተለይ ቤቱ በመሀል ከተማ ለሚገኝ ቤተሰብ የሚታሰብ ነው። ይሁንና የሁለት ዓመቱ የውል ዘመን አከራዩንም ስለሚያስገድደው፣ ቤቱን በቅርቡ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያጤነው ይገባል። ከኪራይ የሚገኝ ገቢ ግብር እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም።

ለጊዜያዊ ችግር በየመሥሪያ ቤቱ የተቋቋሙ የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቀዳሚ አማራጭ ናቸው። ዕዳው የባንክ ከሆነ ደግሞ ተበዳሪው ክፍያ ከመቋረጡ በፊት ወደ ባንኩ ቀርቦ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምለት በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። ባንክ ችግሩን አስቀድሞ ያስረዳውን ደንበኛና ወራት ከጠፋ በኋላ የተገኘውን ደንበኛ በእኩል ዓይን አያይም። መኪና፣ ትርፍ ዕቃ ወይም አክሲዮን ያለው ቤተሰብም ከቤቱ በፊት እነዚህን ቢሸጥ ይመረጣል።

ከሁሉ በላይ መወገድ ያለበት አራጣ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ የሚገድብ ሲሆን፣ አራጣ ማበደር በወንጀልም ያስጠይቃል። ይህም ሆኖ የተጨነቀ ሰው በወር 10 በመቶ ወለድ ለመክፈል ተስማምቶ የቤቱን ካርታ በመያዣነት ሲያስረክብ ይታያል። በዚህ ስሌት ወለዱ ብቻ በአሥር ወር ውስጥ ከዋናው ብድር ጋር እኩል ይሆናል። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» እንደሚባለው፣ ጭንቀት ያመጣው ውል ከችግሩ የባሰ ሸክም ይዞ ይመጣል።

ቤትን በባንክ አስይዞ መበደርም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታል። ስለዚህ ለዕለት ፍጆታ ሲባል ቤትን ማስያዝ ቤቱን በዝግታ እንደመሸጥ ሊቆጠር ይችላል።

መሸጥ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ

ጉድለቱ ዘላቂ ሆኖ ሲገኝና ከላይ የተዘረዘሩት አማራጮች ሳይሸፍኑት ሲቀሩ መሸጥ ተገቢ ውሳኔ ይሆናል። በተለይ የባንክ ዕዳው መክፈል ከሚቻለው በላይ ከሆነና ሐራጅ መቅረቡ ከታወቀ፣ ባለቤቱ ራሱ ገዢ ፈልጎ በገበያ ዋጋ ቢሸጥ ይሻለዋል። ሐራጅ የሚካሄደው ባለቤቱ በመረጠው ጊዜ አይደለም፤ የሚገኘውም ዋጋ ባለቤቱ ያሰበው ላይሆን ይችላል።

በዚህም ጊዜ ሽያጩ ወደ ኪራይ ቤት የሚያስገባ ከሚሆን ይልቅ ከትልቅ ቤት ወደ ትንሽ የራስ ቤት የሚያሸጋግር ቢሆን ይመረጣል። ያው ቤተሰብ ቤቱን በ6 ሚሊዮን ብር ሸጦ በ4 ሚሊዮን ብር ሌላ ቤት ቢገዛ፣ 300 ሺህ ብር ዕዳውን ቢከፍልና ለስም ማዛወሪያና ለልዩ ልዩ ወጪ 100 ሺህ ብር ቢይዝ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ይተርፈዋል። የዚህ ገንዘብ 7 በመቶ ወለድ በዓመት 112 ሺህ ብር ሲሆን፣ በዓመት 72 ሺህ ብር የሚሆነውን ጉድለት ሸፍኖ ይተርፋል። ልጆች አድገው ከወጡ በኋላ ሰፊ ግቢ ይዘው ለቀሩ ጡረተኞች ይህ ሦስተኛ መንገድ ከሁለቱ ጫፎች የተሻለ ነው። ሆኖም የሚገዛው ቤት ሳይታወቅ የሚኖሩበትን ቤት ማስረከብ በሁለቱ መካከል የዋጋ ጭማሪ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የሁለቱ ውሎች ጊዜ መቀራረብ አለበት።

በሕግ ረገድ መሟላት ያለባቸው

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት መሬቱን በሊዝ ሥሪት እንዲይዝ ደንግጓል። ገዢ ይህን ወጪ አስቦ ዋጋ ስለሚያቀርብ ሻጩም አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ አንደኛው ተጋቢ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲኖር ያስገድዳል። ስምምነቱን ያልሰጠ ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ሻጭ የጋብቻ ወይም ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያቀርብ የሚጠየቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃና የወራሾች ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይደነግጋል። በአዲስ አበባ ይህ የሚፈጸመው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች ነው። በመንደር ሽማግሎች ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ገንዘብ ለመቀባበል የሚያበቃ አይደለም። ባንክ ዕዳ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ስሙ ከመዛወሩ በፊት ዕዳው ተከፍሎ ዕገዳው መነሳት ወይም ባንኩ በጽሑፍ መስማማት አለበት።

ቀብድም ቀላል ነገር ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ገና ሳይወስን «ለጊዜው ይጠቅመኛል» ብሎ 200 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብሎ ያጠፋ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ 400 ሺህ ብር ይጠየቃል ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ያልፈለጉትን ሽያጭ ለመፈጸም የሚገደዱ አይጠፉም።

በዕጣ የተላለፉ የ20/80 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ባለዕድለኞች ለአምስት ዓመት ቤቱን መሸጥ እንዳይችሉ ገደብ ተጥሎባቸዋል። ገደቡ ሳያበቃ ገንዘብ የሚፈልጉ አንዳንዶች ለገዢው ውክልና በመስጠት በተዘዋዋሪ ይሸጣሉ። ይህ አሠራር ከደንቡ ውጭ ከመሆኑም በላይ ሁለቱንም ወገኖች ለጉዳት ያጋልጣል። ውክልና በወካዩ ሊሻር የሚችል ሲሆን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ቀሪ ይሆናል። ገዢው ይህን ሥጋት ስለሚያውቅ ከገበያው ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ይከፍላል። ሻጩ በበኩሉ የባንክ ዕዳው በስሙ እንዳለ ስለሚቆይ ገዢው ወርሃዊ ክፍያ ሲያቆም ተጠያቂው እርሱ ይሆናል።

ስለ ግብርም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤት ሲተላለፍ ከሚገኝ ጥቅም ላይ ግብር የሚከፈልባቸው ሁኔታዎች ያሉ ሲሆን፣ ሻጩ ራሱ የኖረበት ቤትና ለንግድ የዋለ ሕንፃ በእኩል አይታዩም። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለ በመሆኑ የቀድሞ ሻጮችን ልምድ ብቻ ሰምቶ ከመወሰን ይልቅ በአቅራቢያው ከሚገኝ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይገባል።

ችኮላን ማስወገድ

ችግረኛ መሆኑ የታወቀ ሻጭ ተገቢውን ዋጋ አያገኝም። ስለዚህ ቤቱን ለገበያ ከማቅረብ በፊት ካርታው፣ የግብርና የሊዝ ክፍያ ደረሰኞች፣ ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳየው ማስረጃ መዘጋጀት አለባቸው። በአካባቢው በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ስንት እንዳወጡ ከአንድ ሳይሆን ከበርካታ ደላሎች መጠየቅ፣ የድለላውንም ክፍያ አስቀድሞ መስማማት ይጠቅማል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና፣ ለሦስት ወር መታገስ የሚያስችል አነስተኛ ብድር ከኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ከዘመድ ማግኘት ቤቱን በሙሉ ዋጋው ለመሸጥ ሊረዳ ይችላል።

ጉዳዩ የግለሰቦች ብቻ ሳይሆን ሥራው በእጃቸው ያለ መሥሪያ ቤቶችም ነው። የጡረታ ማኅደሩ በወቅቱ ያልተሟላለት ሠራተኛ አበሉ እስኪጀመር ባሉት ወራት ተበድሮ ይኖራል። የይዞታ ማስረጃው ለወራት የተጓተተበት ሻጭ ደግሞ ጥሩ ገዢ ያመልጠዋል። የሰው ሀብት ኃላፊዎች የሠራተኞችን የአገልግሎት ማስረጃ ከጡረታ መውጫው ዓመት አስቀድመው ቢያጠሩ፣ የይዞታና የምዝገባ ጽሕፈት ቤቶችም ባለጉዳይን በተወሰነለት ጊዜ ቢያስተናግዱ፣ አንዳንዱ ቤት ሳይሸጥ ይተርፍ፣ የሚሸጠውም በሚገባው ዋጋ ይሸጥ ነበር።

በአጠቃላይ ቤትን መሸጥ ወይም አለመሸጥ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የለውም። የጉድለቱ መጠን በወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ የሚቀጥለው ማደሪያ ታውቆ፣ ባልና ሚስት ተስማምተው፣ ውሉም በሕግ ፊት ተደርጎ የተሸጠ ቤት ቤተሰብን ከዕዳ ያወጣል። እነዚህ ሳይሟሉ ገዢ ስለተገኘ ብቻ የተሸጠ ቤት ግን ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ያስታግስ እንደሆነ እንጂ አያስወግደውም። ገንዘቡ ሲያልቅ ያው ጉድለት ተመልሶ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚሸጥ ቤት አይኖርም።